ትሪሊየም ፍለጋ፦ ከቨርጂኒያ እስከ ግሬት ስሞኪ ተራሮች

በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች ላይ፣ ዛፉ ቅጠል ሳይሞላ በፊት የጫካውን ወለል ነጭ የሚያለብስ አበባ አለ። ትሪሊየም ይባላል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚኖር ሐበሻ በመኪና ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይርቅም። ስለ ቼሪው አበባ የማያወራ የለም፤ ፎቶ የማይነሳም የለም። ትሪሊየምን ለማየት ብሎ ተራራ የወጣ ወገን ግን ብዙ አላጋጠመኝም። በጣም ይቆጨኛል። ይህን ማስታወሻ የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ ፋሲካን አብረን አሳለፍን። ከዚያ ኤፕሪል ሲያልቅ፣ በእኛ ሚያዝያ አጋማሽ መሆኑ ነው፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ይዣት ወጣሁ። እሷ የደጋ ሰው ናት። ተራራ ያሳደጋት ሰው ይህን አበባ እንዴት እንደምታየው ለማወቅ ጓጉቼ ነበር።

ሐሙስ፦ ቡል ረን

የመጀመሪያው ቦታ ሩቅ አይደለም። ሴንተርቪል አጠገብ ያለው የቡል ረን መናፈሻ ነው። ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ከሚያልፈው ወንዝ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 ሁለት ትልልቅ ውጊያዎች የተደረጉት በዚሁ ወንዝ አካባቢ ነው። ዛሬ በፀደይ ሰው የሚመጣው ለብሉቤል አበባ ነው።

የቨርጂኒያ ብሉቤል እንቡጡ ሮዝ ነው። ሲከፈት ሰማያዊ ይሆናል። ጎርፍ የሚተወው ለስላሳ የወንዝ ዳር ደለል ይስማማዋል። ኤፕሪል መጀመሪያና አጋማሽ ላይ ከመጣችሁ የእግር መንገዱ ግራና ቀኙ ሰማያዊ ነው። እኛ ስንደርስ ግን ዋናው ጊዜ አልፏል። ጥላ ሥር የዘገዩ ጥቂት አበቦች ነበሩ። ቅጠሉም መገርጣት ጀምሯል።

እናቴ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ዳሰሰች። "ምን አጣደፈው?" አለችኝ።

ጥያቄዋ የዚህ ጫካ ዋና ጥያቄ ነው። እዚህ ያሉት ትልልቅ ዛፎች፣ ኦኩም ሜፕሉም፣ ብርዱን ወራት ያለ ቅጠል ያሳልፋሉ። ማርች ላይ ፀሐዩ ይጠነክራል፣ መሬቱ ይሞቃል፣ ዛፉ ግን ገና ባዶ ነው። ብርሃን እስከ ጫካው ወለል የሚደርሰው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ሜይ ሲገባ ዛፉ ቅጠሉን ይዘረጋል፣ ታች ያለው ሁሉ ይጨልምበታል። ስለዚህ ትንንሾቹ አበቦች ቅጠል ማውጣቱንም፣ ማበቡንም፣ ዘር ማፍራቱንም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ስንቅ ማጠራቀሙንም በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ይጨርሳሉ። ብሉቤል በጋው ሲገባ ከመሬት በላይ ምንም አይቀረውም። ሥሩ ብቻ አፈር ውስጥ እስከሚቀጥለው ፀደይ ይተኛል።

"ታዲያ አለፈን ማለት ነው?" አለች እናቴ።

አላለፈንም። እዚህ ወንዝ ዳር ነው ያለፈው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አንድሪው ሆፕኪንስ የሚባል አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ የፀደይን አካሄድ አጥንቶ አንድ ስሌት አውጥቶ ነበር። በሆፕኪንስ ስሌት ከፍታው በ120 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ፀደይ 4 ቀን ይዘገያል። ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ በተጓዙ ቁጥርም እንዲሁ 4 ቀን ይዘገያል። በግምት የሚሠራ ስሌት ነው፤ አንድ ሸለቆ ወይም ወደ ሰሜን የዞረ ተዳፋት ሊያዛባው ይችላል። ለአበባ ፈላጊ ግን ትልቅ ነገር ነው። ታች ያለፈባችሁን ላይ ታገኙታላችሁ ማለት ነው።

ይህን ስነግራት እናቴ ብዙም አልገረማትም። ቆላው ደርሶ ሲታጨድ ደጋው ገና አረንጓዴ መሆኑን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ዓርብ፦ ቶምፕሰን

በጠዋት በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሄድን። ሊንደን ስንደርስ ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ጠባቡን የፍሪዝላንድ መንገድ ሽቅብ ያዝን። የምንሄድበት ቦታ ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፦ የጂ. ሪቻርድ ቶምፕሰን የዱር እንስሳት ማቆያ። ወደ 4,000 ኤከር የሚጠጋ ተራራማ ጫካ ነው። የአፓላቺያን ረጅም የእግር መንገድም በውስጡ ያልፋል። ትሪሊየም በብዛት በመብቀል በሰሜን አሜሪካ ከሚጠቀሱት ቦታዎች አንዱ ይኼ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። የቨርጂኒያ ግዛት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው የሚያስተዳድረው። የአደን ወይም የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ የሌለው አዋቂ ሰው የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በኢንተርኔት በጥቂት ደቂቃ ይገኛል። ሁለተኛ፣ አበባው የሚያብብበት ጊዜና የዱር ቱርክ ዶሮ አደን ወቅት ይገጣጠማሉ። ስለዚህ ከሩቅ የሚታይ ልብስ ልበሱ። እናቴ ከነጠላዋ ላይ ብርቱካንማ ሰደርያ ደርባ ነው የሄደችው።

መኪናውን አቁመን ጥቂት እንደሄድን አገኘነው።

በመቶ የሚቆጠር መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ተዳፋቱ ቁልቁል ነጭ፣ ሽቅቡም ነጭ፣ ከድንጋዩ ሥር ነጭ፣ ከወደቀው ግንድ ወዲያም ነጭ። ዛፎቹ ያወጡት ቅጠል ገና ጫፍ ጫፉን ነው፤ ፀሐዩ በመካከላቸው ይወርዳል። እናቴ መንገዱ መሐል ቆመች። "በስመአብ" አለችና ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ መሄድ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሄድነው በእሷ እርምጃ ነው፣ ያም ተስማማኝ።

አሁን አበባውን ከቅርብ ልንገራችሁ። ከመሬት አንድ ቀጭን ግንድ ይወጣል። ቁመቱ ከጉልበት በታች ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች በክብ ይዘረጋሉ። ከመሃላቸው አንድ አበባ ብቻ ይወጣል። አበባው ሦስት ትልልቅ ነጭ የአበባ ቅጠሎች አሉት። ከነጮቹ ሥር ደግሞ ሦስት ትንንሽ አረንጓዴዎች ደግፈውታል። ሁሉ ነገሩ በሦስት ነው። እናቴ ይህን ስታይ ምን እንዳለች የተዋሕዶ ልጅ የሆነ ሁሉ ይገምታል። አማተበች፣ "ሥላሴን ነው የሚያሳይ" አለች፣ ከዚያም ቀጣዩንና የሚቀጥለውን እየቆጠረች ሄደች።

አንዱ ጋ ስትደርስ እጇን ዘረጋች።

"እማዬ፣ ተይው" አልኳት።

"አንዲት ብቻ ነው ልጄ። ይኼ ሁሉ እያለ!"

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ትሪሊየምን ለማየት የሚሄድ ሰው ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለበት ይህንን ስለሆነ ነው።

እኛ አበባ እየቀጠፍን ያደግን ሰዎች ነን። መስከረም ሲጠባ ልጆች ሜዳ ወርደው አደይ አበባ በእቅፍ ይሰበስባሉ። አደይ ይህን ይችለዋል። የአንድ ዓመት ተክል ነው፦ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይደርቃል። በዓመቱ ደግሞ ከዘሩ እንደገና ሜዳውን ይሞላዋል።

ትሪሊየም እንደዚያ አይደለም። ዘሩ አፈር ላይ ወድቆ ቡቃያው ከመሬት በላይ እስኪታይ የሁለት ዓመት የብርድ ወቅቶች ማለፍ አለባቸው። ከዚያ ለዓመታት አንዲት ቅጠል ብቻ ይዞ ይኖራል። ሦስት ቅጠል እስኪያወጣ ሌላ ዓመታት ይፈጃል። የመጀመሪያዋን አበባ ለማበብ ቢያንስ 7 ዓመት ይወስድበታል፤ ቦታው ካልተመቸው ከዚያም ይቆያል። ካበበ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል።

ችግሩ ቅጠሉ ያለው ከአበባው ሥር ብቻ መሆኑ ነው። አበባውን በግንዱ የቀጠፈ ሰው ሦስቱንም ቅጠሎች ይወስዳል። ተክሉ በዚያ ዓመት ሌላ ቅጠል አያወጣም። ምግብ የሚሠራበት የለውም፤ አፈር ውስጥ ያጠራቀመውን ይበላል። አንዳንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ ተመልሶ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጅበታል። ከፊታችን ያለችው አንዲት አበባ የዚያን ሁሉ ዓመት ውጤት ናት።

እናቴ እጇን ሰበሰበች። "ሰባት ዓመት!" አለች። ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ውጪ እንኳ አልረገጠችም። አንድ ወጣት ለፎቶ ብሎ አበባው መሃል ሊቀመጥ ሲሞክር በአማርኛ ገሠጸችው። ልጁ ቋንቋው ባይገባውም ነገሩ ገብቶት ተነሣ።

የዘሩ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከእያንዳንዱ ዘር ጋር ቅባት ያለበት ትንሽ ሥጋ ነገር ተጣብቆ ይወጣል። ጉንዳኖች ለእሱ ሲሉ ዘሩን እየጎተቱ ወደ ጎሬያቸው ይወስዳሉ። ቅባቱን ይበሉና ዘሩን ይጥሉታል። ዘሩ በዚያ ለም አፈር ውስጥ ይበቅላል። ተዳፋቱን ሁሉ ነጭ ያደረገው አንዱ ሠራተኛ ጉንዳን ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ጉንዳን ዘር የሚወስደው ጥቂት ሜትር ነው። የበረዶው ዘመን ሲያበቃ ትሪሊየም ከደቡብ ተነሥቶ እስከ ካናዳ ድረስ ተስፋፍቷል፤ ዛሬ የኦንታርዮ ግዛት መለያ አበባ ነው፣ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። በጉንዳን እግር ያን ያህል መንገድ አይደረስም። ተመራማሪዎች ከመልሱ አንዱን ያገኙት በአጋዘን ፋንድያ ውስጥ ነው። አጋዘን ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ ሳይሞት ያልፋል፣ ብዙ ርቆ ሄዶ ይወድቃል።

ይኸው አጋዘን ግን ዛሬ ለትሪሊየም ዋናው አደጋ ሆኗል። ከሌላው ተክል መርጦ ይበላዋል፣ ያውም አበባ ያወጣውን ትልቁን። ድሮ አጋዘኑን የሚበሉት ተኩላና የተራራ አንበሳ ከምሥራቁ ጫካ ጠፍተዋል። አጋዘኑ በዝቷል። አጋዘን በበዛበት ጫካ ትሪሊየሙ እያነሰ፣ ቁመቱም እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ቶምፕሰን ውስጥ አዳኝ ስታዩ ፊታችሁን አታጥቁሩ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አዳኝና አበባ አንድ ቦታ መሆናቸው አልተዋጠልኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል።

ወደ ታች ስንወርድ ብዙዎቹ አበቦች ሮዝ ሆነዋል። ሌላ ዓይነት አይደሉም። ነጩ ትሪሊየም ሲያረጅ ሮዝ ይሆናል። በከፍታው ጫፍ የነበሩት ገና ነጭ ናቸው፣ ዝቅ ያሉት ቀድመው ስላበቡ ሮዝ ሆነዋል። የሆፕኪንስ ስሌት በአንድ ተዳፋት ላይ እንዲህ በቀለም ይነበባል። አረንጓዴ መስመር የገባባቸውም አየን። ሰው ብርቅ ዝርያ ይመስለዋል፤ በሽታ ነው። ፋይቶፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ መሰል ተውሳክ ነው የሚያመጣው፣ ተክሉንም እያደር ያዳክመዋል።

ያረፍነው ፍሮንት ሮያል ነው። ማታ ሰውነታችንን ለመዥገር ፈተሽን። በዚህ አገር የአጋዘን መዥገር የላይም (Lyme) በሽታን ያስተላልፋል፣ ችላ አትበሉት። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፣ ማታ ፈትሹ።

ቅዳሜ፦ ስካይላይንና ረጅሙ መንገድ

ፍሮንት ሮያል የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ በር ነው። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለሳምንት ያገለግላል። የስካይላይን መንገድ ከዚህ ተነሥቶ የተራራውን ጀርባ ተከትሎ 105 ማይል ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አይበልጥም፣ ደግሞም መቸኮል አያስፈልግም።

ከመመልከቻዎቹ አንዱ ላይ ቆመን ሸለቆውን አየን። ታች ያለው ሁሉ ለምልሟል። አረንጓዴው በተራራው ወገብ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ግራጫ፣ ባዶ ቅርንጫፍ ነው። መስመሩ በዓይን የሚታይ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሽቅብ ይወጣል። ፎቶ አነሣሁት፣ ግን ፎቶው ላይ አይታይም።

ከዚያ ዝናብ መጣ። በቶርንተን ጋፕ ወጥተን፣ በሉሬ በኩል ወደ 81 አውራ ጎዳና ወረድንና ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንነዳ ዋልን። ስለዚህ መንገድ የምለው የለኝም፤ የጭነት መኪናና ዝናብ ነው። እናቴ የቋጠረችው ዳቦ ቆሎ ጠቀመን። ቴነሲ ገብተን ጋትሊንበርግ ስንደርስ መሽቷል።

እሑድ፦ ፖርተርስ ክሪክ

ግሬት ስሞኪ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በቴነሲና በኖርዝ ካሮላይና መካከል ይገኛል። ከ1,500 በላይ የአበባ ተክል ዓይነቶች አሉት። ይህን ያህል ያለው ሌላ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ የለም። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ዝናቡ ይበዛል፣ ከፍታው ከዝቅተኛ ሸለቆ እስከ 2,000 ሜትር ይደርሳል፣ የበረዶው ዘመን ግግርም እዚህ ድረስ አልወረደም። ሰሜኑ በበረዶ ሲሸፈን ብዙ ተክል የተረፈው በእነዚህ ሸለቆዎች ውስጥ ነው። ጋትሊንበርግ ውስጥ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየፀደዩ የዱር አበባ ጉብኝት ይደረጋል፤ ባለሙያዎች እየመሩ ሰው ይዘው ጫካ ይገባሉ።

መግቢያ አይከፈልም። መኪና ከ15 ደቂቃ በላይ የሚያቆም ግን የማቆሚያ ወረቀት መግዛት አለበት፦ ለቀን 5 ዶላር፣ ለሳምንት 15 ዶላር።

ግሪንብራየር ወደሚባለው ሸለቆ ገባን። ገና መኪና ውስጥ ሳለን ከመንገዱ ዳር ቢጫ ትሪሊየም አየሁ። ይኼኛው ከቶምፕሰኑ ይለያል። ቅጠሉ ዝንጉርጉር ነው። አበባው አይዘረጋም፤ ቅጠሉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወርደን ተንበርክከን አሸተትነው። የሎሚ ሽታ አለው። እናቴ ሁለት ጊዜ አሸተተችው።

የፖርተርስ ክሪክ መንገድ መጀመሪያው ሰፊ ጠጠር መንገድ ነው። ወንዙ በስተጎን ይጮኻል። ትንሽ እንደሄዳችሁ በጫካው ውስጥ የድንጋይ ካብ ታያላችሁ። ከዛፉ መሃል የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ወደ የትም አይወስድም። እዚህ ሰው ይኖር ነበር። ፓርኩ ሲቋቋም ገበሬዎቹ መሬታቸውን እየሸጡ ወጡ፤ አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ ተገዶ። መቃብራቸው ከመንገዱ በላይ አለ። እናቴ ወደዚያ ወጥታ ጥቂት ቆየች። ስትመለስ "ያረሱት መሬት ጫካ ሆነ" አለች። በሷ አገር የምታውቀው ተቃራኒውን ነው።

እውነት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ይህ ሸለቆ እርሻ ነበር። ዛሬ ዛፉ ወፍራም ነው። ሆኖም አበባው ከዛፉ ይዘገያል። የታረሰ መሬት ላይ ዛፍ በሠላሳና በአርባ ዓመት ይመለሳል፤ በጉንዳን ጉዞ የሚስፋፋ አበባ ግን ወደ ታረሰው መሬት ለመመለስ ብዙ ትውልድ ይፈጅበታል። በዚህ መንገድ ላይ ልዩነቱን በእግራችሁ ትለኩታላችሁ። የድሮው እርሻ አካባቢ አበባው ሳሳ ያለ ነው። ጠጠሩ መንገድ አልቆ፣ የድሮውን ጎተራ አልፋችሁ፣ በግንድ ድልድይ ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ሌላ ዓለም ነው።

እዚያ ተዳፋቱ በነጭ ትሪሊየም ተሞልቷል። ብዙው ሮዝ ሆኗል፤ እኛ ወደ ደቡብ ስለመጣን ፀደዩ እዚህ ቀድሟል። ከሥሩ የፋሲሊያ አበባ ምንጣፍ አለ። ትንንሽ፣ ጠርዛቸው የተተለተለ ነጭ አበቦች ናቸው። ዋናው ጊዜያቸው ቢያልፍም ጥላ ጥላው ላይ ገና ብዙ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሸለቆ የሚወዱበት ምክንያት አለ፦ አፈሩ ጥቁርና ጥልቅ ነው፣ ቅጠል እየበሰበሰ ያለማው፤ ተዳፋቱ ውኃ አይተኛበትም፤ ግን አይደርቅም። ትሪሊየም የምትፈልጉ ከሆነ ጠርዙን ሳይሆን እንዲህ ያለውን ጎድጓዳ ሸለቆ ፈልጉ።

ፈርን ብራንች ፏፏቴ ድረስ ሄድን፣ ከመነሻው 2 ማይል ገደማ ነው። እናቴ አልደከመችም። እኔ ነኝ ውኃ የጠጣሁት።

ሰኞ፦ ኒውፋውንድ ጋፕ

ጋትሊንበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኒውፋውንድ ጋፕ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ 1,538 ሜትር ላይ ነው። በመኪና አርባ ደቂቃ ቢወስድ ነው። በሆፕኪንስ ስሌት ልዩነቱ ከአንድ ወር በላይ ይሆናል። ማለትም ጠዋት ከሜይ ተነሥታችሁ፣ ቡናችሁ ሳይበርድ ኤፕሪል መጀመሪያ ትደርሳላችሁ።

ስንወጣ በየደረጃው አየነው። ታች ዛፉ ሙሉ ጥላ ጥሏል። አጋማሹ ላይ ቅጠሉ ገና እንደ አይጥ ጆሮ ትንሽ ነው። ላይ ባዶ። ከዚያም በላይ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነው የጥድ ዘመድ ጥቅጥቅ ብሎ ይጀምራል።

መንገድ ላይ መኪና በሚቆምበት አንድ ቦታ ቀዩን ትሪሊየም አገኘን። ጥቁር ቀይ ነው፣ አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብላል። እናቴ የትላንቱን ሎሚ አስባ ጠጋ ብላ አሸተተችና ወዲያው ራቀች። የሚሸተው የከረመ ሥጋ ነው። ይህ ሽታ የሚፈልገው ዝንብን ነው፤ ዝንቦቹ ሥጋ መስሏቸው ይመጡና የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሳሉ።

"ለመድኃኒትነትስ?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ስጠብቀው ነበር። የአገሩ ነባር ሕዝቦች የዚህን ተክል ሥር ለወሊድ ይጠቀሙበት ነበር። ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ሴት አያቷ አዋላጅ ነበሩ።

ጋፑ ላይ ስንደርስ ንፋሱ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1940 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ቆመው ፓርኩን የመረቁበት የድንጋይ ሰገነት እዚህ ነው። አንድ እግራችሁን ቴነሲ፣ ሌላውን ኖርዝ ካሮላይና ላይ ማድረግ ትችላላችሁ። እናቴን የገረማት ግን ሌላ ነገር ነው። ከፍታውን ስነግራት አላመነችኝም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት። በእኛ አገር 1,500 ሜትር ወይና ደጋው የሚጀምርበት፣ በቆሎና ቡና የሚበቅልበት ከፍታ ነው። እዚህ ግን ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ጥላ ሥር በረዶ ቢቀር የሚያስገርም አይደለም። ከምድር ወገብ መራቅ የከፍታን ሥራ ይሠራል። "ታዲያ ይኼ ውርጭ ነው" ብላ ነጠላዋን ተከናነበች።

ከጫካው ጠርዝ፣ በባዶ ዛፎች ሥር፣ መሬቱ ሁሉ ስፕሪንግ ቢዩቲ በሚባል አበባ ተሞልቶ ነበር። ከጥፍር የማይበልጥ ነጭ አበባ ነው፣ ቀጫጭን ሮዝ መስመሮች ያሉት። ታች ካለፈ ሳምንታት ሆኖታል።

እኔ የፈለግኩት ግን ባለቀለሙን ትሪሊየም ነበር። ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ በብሩሽ የተቀባ የሚመስል ሮዝ ምልክት አለው። ከሌሎቹ በተለየ ኮምጣጣ አፈርና ቀዝቃዛ ከፍታ ይወዳል። ከመንገዱ ዳር ካሉት ተክሎች አንዱን ለየሁት። ሦስቱ ቅጠሎች ወጥተዋል፣ እንቡጡ ግን ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ጥቂት ዝቅ ብለን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከወረድን በኋላ የተከፈተ አገኘን፣ አንድ ብቻ። እናቴ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ጊዜውን እንዲህ ያዙት። ብሉቤል ለማየት ቡል ረን፣ ኤፕሪል መጀመሪያና አጋማሽ። ስሞኪ ፖርተርስ ክሪክ፣ ኤፕሪል አጋማሽ። ቶምፕሰን፣ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ የመጀመሪያ ሳምንት። ባለቀለሙ ትሪሊየም በስሞኪ ከፍታዎች፣ ሜይ። ዓመቱ ሞቃት ከሆነ ሁሉም ጥቂት ቀን ይቀድማል። ዘግይታችሁ ደርሳችሁ አበባው ካለፈ ወደ ላይ ውጡ፤ ገና ካልደረሰ ወደ ታች ውረዱ። ለጓሯችሁ ትሪሊየም የምትፈልጉ ደግሞ ከችግኝ ጣቢያው ከዘር የተባዛ መሆኑን ጠይቁ። ከዘር ለማሳደግ ዓመታት ስለሚፈጅ ዋጋው ውድ ነው። በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከጫካ የተነቀለ ነው፤ እሱን አትግዙ።